«ጋብቻው ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል?»፦ የፈረንሳዊ ባለቤት ቪዛን በተመለከተ የተነሣ ክርክር

ጉለሌ ሰፈር፦ ትናንት ማታ አንድ ወንድም ፈረንሳዊ ላገቡ ሰዎች ስለሚሰጠው የረጅም ጊዜ ቪዛ ሲጽፉ፣ «ጋብቻው ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል? የተከለከለ ካለ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው» ብለው ብዙ ሰው ሲያጨበጭብላቸው አደረ። ወረፋ ላይ ሆኖ ይህን ማንበብ እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል። ለመሆኑ ይህን የሚሉት ሕጉን አንብበው ነው ወይስ የራሳቸው ጉዳይ ስለቀናላቸው?

የሊዮኑ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሕግ የፈረንሳዊ ባለቤት ቪዛ የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች በሦስት ወስኗቸዋል፤ እነርሱም ማጭበርበር፣ የጋብቻው በፍርድ መሰረዝና ለሕዝብ ጸጥታ አስጊ መሆን ናቸው። የቪዛ ክፍያ የለውም፤ የባልሽ ደመወዝ ስንት ነው፣ ቤታችሁ ስንት ካሬ ነው ተብሎም አይጠየቅም። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በዓመት 29,000 ፓውንድ ገቢ አሳዩ እያለች፣ በፈረንሳይ ሕግ ላይ ማማረር ጥጋብ ይመስለኛል።

ጉለሌ ሰፈር፦ የሕጉን ደግነት ማን ካደ? ነገር ግን አዲስ አበባ የተፈጸመ ጋብቻ በመጀመሪያ በፈረንሳይ የክብር መዝገብ ላይ መስፈር እንዳለበት እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም። ከኅዳር 2006ቱ የፈረንሳይ ሕግ ወዲህ ቆንስላው ተጋቢዎቹን ለየብቻ ጠርቶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥርጣሬ ካደረበት ጉዳዩ ናንት በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ላለው ዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል፤ ዐቃቤ ሕጉም ለመወሰን 6 ወር አለው። ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ንጽሕናዎ ስድስቱን ወር አያሳጥርልዎትም።

ሰነድ አዘጋጅ፦ ጥርጣሬው ከየት እንደሚመጣ በየቀኑ ወረቀት የማገላብጠው እኔ ልናገር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ የሠላሳ ዓመት ሴት የልደት ምስክር ወረቀት ስታቀርብ ወረቀቱ የወጣው ባለፈው ወር ሊሆን ይችላል። በአንዱ ሰነድ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም ይገባል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ቀኑ ነው። መስከረም 1 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተወለደችው መስከረም 12 ቀን 1995 ነው፤ ብዙ ሰው ግን «የእኛ አዲስ ዓመት የእነርሱ 11 ነው» ብሎ ፓስፖርቱን በ11 ያስወጣል። ከዚያ ጠንቃቃ ተርጓሚ የልደት ወረቀቱን በትክክል በ12 ይተረጉመዋል፤ ያቺ ልጅ ሁለት ልደት ኖራት ማለት ነው። እንግዲህ ምን ደበቀች?

የሊዮኑ፦ የአንድ ቀን ልዩነት ማጭበርበር አይባልም። የመንግሥትን ውሳኔ በሚመረምረው የፈረንሳይ የአስተዳደር ዳኝነት ማጭበርበር መኖሩን የማስረዳት ግዴታ የመንግሥት እንጂ የባለትዳሮቹ አይደለም። ተርጓሚው ለሠራው ሥራ የፈረንሳይን ሕግ መውቀስ ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

ሰነድ አዘጋጅ፦ ተርጓሚው እኮ ትክክል ነው አልኩ! የተሳሳተው ፓስፖርቱ ነው። አንብበው ቢመልሱልኝ ደግ ነበር።

እታለም ከፓሪስ፦ እኔ የምቆመው ከሊዮኑ ወንድሜ ጋር ነው፤ ነገር ግን በሌላ ምክንያት። እዚህ ያለነው ሴቶች ዜግነት አግኝተን፣ አገር ቤት ወርደን አግብተን፣ ባልየው የመኖሪያ ካርዱን በእጁ ካስገባ በኋላ ሌላ ሰው ሲሆንብን አይተናል። ፈረንሳዮች ይህን ግራጫ ጋብቻ ይሉታል፤ ከ2011 ጀምሮም ልክ እንደ ሐሰተኛ ጋብቻ 5 ዓመት እስራትና 15,000 ዩሮ መቀጮ ያስከትላል። ቆንስላው በር ላይ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል እንጂ አልከፋም። የሚጮኸው ሁልጊዜ አመልካቹ ነው፤ የተታለለችቱ ግን አፍራ ዝም ትላለች።

ጉለሌ ሰፈር፦ እታለም፣ የእርስዎን ሐዘን አላቃልልም። ቢሆንም ጥያቄ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ የተከለከለውን ሁሉ ውሸታም ማለት ግን ሌላ ነው። እኔ የተቃወምኩት ሁለተኛውን ነው።

የስትራስቡርግ ታዛቢ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። እዚሁ ስትራስቡርግ ሠርቶ የሚኖር ጀርመናዊ ኢትዮጵያዊት ቢያገባ፣ ባለቤቱ በ2004 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት በነፃና በተፋጠነ አሠራር ቪዛ አግኝታ ትገባለች። ጎረቤቱ የሆነው ፈረንሳዊ ግን ከአገሩ ወጥቶ ስለማያውቅ ያ መመሪያ አይመለከተውም፤ በገዛ አገሩ ከእንግዳው ያነሰ መብት አለው። ንጽሕናን በዜግነት የሚመዝን ሚዛን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የሊዮኑ፦ ጀርመናዊው ሥራ ወይም በቂ ገቢ ሊኖረው ይገባል፤ ፈረንሳዊው ግን ምንም አይጠየቅም። ግማሹን ነግረው ግማሹን አያስቀሩ። መንገዱ የረዘመበትም በአጭር ቪዛ ገብቶ እዚሁ ይጋባ፤ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ተጋብቶ፣ 6 ወር አብሮ የኖረ ሰው የረጅም ጊዜውን ቪዛ ከአገር ቤት ሳያመጣ የመኖሪያ ካርድ መጠየቅ ይችላል።

ጉለሌ ሰፈር፦ በአጭር ቪዛ! የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የሼንገንን ማለትም የአጭሩን ቪዛ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ማድረጉን፣ ደጋግሞ መግቢያውንም መከልከሉን ሊዮን ውስጥ አልሰሙም? ደግሞስ ፍቅረኛው ፈረንሳይ ያለች ወጣት «ለጉብኝት ነው፣ እመለሳለሁ» ብሎ እንዲያመለክት እየመከሩ፣ በዚያው አፍዎ ስለ ንጽሕና ይሰብካሉ?

የሊዮኑ፦ ውሸት ይናገር አላልኩም። ያ እገዳም የባለትዳሮችን የረጅም ጊዜ ቪዛ አይነካም፤ ነገር አያደበላልቁ። የተበደለ ካለ ይግባኝ ይበል፤ በሩ ክፍት ነው።

ጉለሌ ሰፈር፦ የትኛው በር? የቪዛ እምቢታን አቤቱታ ለሚያየው፣ ናንት ላለው ኮሚሽን በ30 ቀን ውስጥ አቤት ይባላል፤ ኮሚሽኑ ሁለት ወር ዝም ካለ ዝምታው እንደ እምቢታ ይቆጠራል፤ ከዚያ እዚያው ናንት ወዳለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይኬዳል። ዝምታ መልስ በሆነበት አሠራር ውስጥ፣ የተከለከለው ሰው የደበቀው ነገር እንዳለ እርስዎ በምን አወቁ? እስቲ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤ ያ ፍርድ ቤት እምቢታውን የሻረላቸው ባለትዳሮች ምን ደብቀው ነበር?

የሊዮኑ፦ ከተሻረላቸውማ ሕጉ ሠራ ማለት ነው። እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሰነድ አዘጋጅ፦ ከመጀመሪያው ያሉትማ «የተከለከለ ካለ የደበቀው ነገር አለ» ነበር። ጽሑፉ እዚያው ላይ አለ፤ አልተሰረዘም።

እታለም ከፓሪስ፦ ይሰረዝ ያለ የለም። እኔ ግን ስለ ተታለሉት ሴቶች የጻፍኩትን እስካሁን አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አልመለሰልኝም።