ፎቶ ላይ የቱ ማስተካከያ ነው፣ የቱ ማታለል? እንዴትስ ይያዛል?

ማሕሌት፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአንድ የቴሌግራም ዜና ገጽ ከተከታታዮች የሚላኩ ፎቶዎችን የማጣራው እኔ ነኝ። ያልተነካካ ፎቶ እምብዛም አይመጣም። ምን ምኑን ልለፍ? የተባዛ ጭስ ወይም ሕዝብስ በዓይን ይለያል?

ዴስክ፦
ብርሃንና ቀለም ማስተካከል፣ ክሮፕ ማድረግ፣ ሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ ማጥፋት ያልፋል። ፍሬሙ ውስጥ የነበረ ነገር ከወጣ ወይም ያልነበረ ከገባ ግን ትንሽ ትልቅ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሶሼትድ ፕሬስ ከአንድ ፎቶ ጋዜጠኛ ጋር የተለያየው፣ ሶርያ ውስጥ ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን ካሜራ ስላጠፋ ነው። ካሜራው ከዜናው ጋር አይገናኝም። ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ነው፤ ጥጉን ያጸዳ እጅ መሃሉን እንዳልነካ አንባቢ በምን ያውቃል?

ብርሃኑም ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ታይም መጽሔት በግድያ የተጠረጠረውን አሜሪካዊ ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ አጥቁሮ ሽፋኑ ላይ ሲያወጣ፣ ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ ሳያጠቁር አወጣው። ጎን ለጎን ሲታዩ የታይሙ ሰውየውን ይበልጥ አስፈሪ አድርጎታል።

ጥላና_ብርሃን፦
ማሕሌት፣ ጭሱ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮይተርስ ያሰራጨው የቤይሩት የቦምብ ጭስ በክሎን ስታምፕ (የፎቶውን አንድ ክፍል ቀድቶ ሌላ ቦታ በሚለጥፍ መሣሪያ) የተባዛ ነበር፤ አንዱ የጭስ ጉብታ ከነቅርጹ እየተደጋገመ ይታያል። ድርጅቱ የፎቶግራፈሩን 920 ፎቶዎች በሙሉ ከሽያጭ አነሳ።

ፎቶውን 200 ወይም 300 በመቶ አጉልተሽ ኮንትራስቱን ከፍ አድርጊው። ከዚያ አንድ ጉብታ መርጠሽ መንትያውን ፈልጊ። ሕዝብ ሲሆን ነጠላ አትከተዪ፤ ጥምቀት ላይ ሁሉም ነጭ ነው። ባለ ቀለም ጃንጥላ፣ ወደ ላይ የተነሳ እጅ፣ ስልክ የያዘ ሰው ይሻላል። ኢ ኤል ኤ በሚባለው፣ የፎቶው ክፍሎች የተጨመቁበትን ልዩነት በብርሃን በሚያሳይ መሣሪያ ብቻ ግን ማንንም አትወንጅዪ፤ ምንም ያልተነካ ፎቶ ላይም የጽሑፍና የሰላ ጠርዝ ያበራል፣ ደጋግሞ ሴቭ የተደረገ ደግሞ ውጤቱን ያዛባዋል።

አጣሪ፦
ከሁሉም የሚበዛው ግን ያልተነካ ፎቶ ከውሸት መግለጫ ጋር ነው። መጀመሪያ ፎቶው ከዚህ በፊት የት እንደወጣ በጉግል ሌንስና በያንዴክስ ፈልጊ፤ ሌላው የፎቶ መፈለጊያ ቲንአይ ላይ «ከሁሉ የቆየው» በሚለው ደርድሪ። ካልተገኘ ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጠሽ ድገሚው፣ ከፍለጋ ለማምለጥ ገልብጠው የሚለጥፉ አሉ። የሱቅ ታፔላው ፊደል ከተገለበጠ ነገሩ አለቀ። ወቅቱንም እዪ፦ በነሐሴ የደጋ መስክ ደርቆ ቢጫ ከሆነ ቀኑ አጠራጣሪ ነው።

ማሕሌት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልክ ላይ ሰው የሚያጠፋው ኤ አይስ?

ጥላና_ብርሃን፦
እሱም ማጥፋት ነው፣ አይለፍ። እጅ ከእጅጌ፣ ፀጉር ከጀርባው የሚገናኙበትን መስመር አጉልተሽ እዪ። በመጋቢት 2024 የዜና ወኪሎች የዌልስ ልዕልትን የቤተሰብ ፎቶ ከስርጭት ያወጡት የሴት ልጇ እጅጌ ጠርዝ ስላልገጠመ ነበር።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ላኪውን መጠየቅ ነው። ዋናውን ፎቶ፣ ከሱ በፊትና በኋላ ከተነሱት ጋር፣ በቴሌግራም «ፋይል» በሚለው በኩል ይላክልሽ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ቀኑና የካሜራው መረጃም ይጠፋል። መረጃው ራሱ ሊቀየር ስለሚችል ብቻውን አትመኚው፤ ተከታታይ ፍሬሞችን አስመስሎ መሥራት ግን ይከብዳል። አልልክም ካለ አታውጪው።