ሪቴይን ፕሮፐርቲ ሚሞሪ እያፈሰሰብኝ ነው፣ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ባለካዛንቺስ፦ ሰላም ጓዶች፣ ቢሮ ውስጥ የድሮ የአይፎን አፕ አስረከቡኝ፣ ኤአርሲ (ሚሞሪ መያዝና መልቀቁን ራሱ የሚሰራልህ) ሳይመጣ የተጻፈ ኦብጀክቲቭ ሲ ነው፣ ሪቴይን (መያዝ) ሪሊዙ (መልቀቅ) ሁሉ በእጅ። የምግብ ሜኑ የሚያሳየው ስክሪን ላይ ፕሮፐርቲው ሪቴይን ነው፣ መጀመሪያ ላይ «ሰልፍ.ሜኑ = [[ኤንኤስሚዩተብልአሬይ አሎክ] ኢኒት]» ይላል፣ ዲአሎክ (ስክሪኑ ከሚሞሪ ሲወጣ የሚጠራው) ላይ ደሞ «[_ሜኑ ሪሊዝ]» አለ። ስክሪኑን ከፍቼ በዘጋሁ ቁጥር ግን ኢንስትሩመንትስ (የአፕል መመርመሪያ) ሊክ፣ ማለትም ሳይለቀቅ የቀረ ሚሞሪ አለ ይለኛል። አንዴ ይዤ አንዴ ለቀኩ አይደል እንዴ??

ፒያሳ_ኮደር፦ ሁለቴ ነው የያዝከው ወንድሜ። አሎክ ስትል (ኦብጀክቱን ስትፈጥር) አንድ፣ ከዛ «ሰልፍ.» ስትል ሴተሩ (ፕሮፐርቲው ውስጥ የሚያስገባው) ይጠራና እሱም ለራሱ ሪቴይን ያደርጋል፣ ሁለት ሆነ፣ ዲአሎክ የሚቀንሰው ግን አንዱን ነው። ፒያሳ አልጋ ይዘህ ሁለት ቁልፍ ወስደህ አንዱን ብቻ መልሰህ ብትሄድ ክፍሉ ለሌላ ሰው አይከራይም አ? ኢኒቱ ላይ ኦቶሪሊዝ (ቆይቶ በራሱ እንዲለቀቅ የሚያደርግ) ጨምርበት።

የአራት_ኪሎዋ፦ እኔ ኦቶሪሊዙን ብዙም አልወደውም፣ መጀመሪያ ተራ ቫሪያብል ውስጥ አድርገው፣ ለ«ሰልፍ.ሜኑ» ስጠው፣ ወዲያው ቫሪያብሉን ሪሊዝ አርገው። አንድ መስመር ይጨምራል ግን ማን ምን እንደያዘ በዓይንህ ታየዋለህ።

ባለካዛንቺስ፦ እናንተን ሳልጠብቅ ተቻኩዬ «_ሜኑ = [ኤንኤስሚዩተብልአሬይ አሬይ]» ብዬው ነበር፣ ሊኩ ጠፋ ግን ሊስቱን ትንሽ ስስክሮል አፑ ባድ አክሰስ (የተለቀቀ ሚሞሪ ነካህ) ብሎ ድርግም 😩

የአራት_ኪሎዋ፦ 😂 አሁን ደሞ ጭራሽ ቁልፍ ሳትወስድ ተኛህ። «አሬይ» ብለህ ያመጣኸው ኦቶሪሊዝ ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ሴተሩንም ስለዘለልከው የያዘው የለም፣ ፑሉ (ኦቶሪሊዝ የተደረጉት የሚጠራቀሙበት) ሲጸዳ አብሮ ይሄዳል። «ሰልፍ.ሜኑ» ብትለው ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። አሎክ፣ ኒው፣ ኮፒ፣ ሚዩተብልኮፒ ብለህ ያመጣኸው ያንተ ነው፣ ሌላው ራስህ ሪቴይን እስክታደርገው የሰው ነው። ዞምቢ ኦብጀክትስን (የተለቀቁትን የሚከታተል መፈተሻ ነው) አብራና አፑን አስነሳው፣ የትኛው ኦብጀክት ሞቶ እንደተጠራ በስሙ ይነግርሃል።

አዲስ_ዴቭ፦ ሪቴይን ካውንት ፕሪንት እያደረክ እንዳትቆጥር ብቻ፣ ሲስተሙም ስለሚይዝ ቁጥሩ ያሳብድሃል። ዴሊጌት (ኦብጀክቱ ስራ የሚያስተላልፍለት ሌላ ኦብጀክት) ካለ ደሞ አሳይን (ሳይዝ የሚጠቁም) ይሁን እንጂ ሪቴይን አይሁን፣ ሁለቱ ተያይዘው ይቀራሉ። ኤአርሲ እኮ በ2011 ነው የመጣው፣ ለምን አትቀይረውም? ያልደረስክበትን ፋይል «-ኤፍኖ-ኦብጅሲ-ኤአርሲ» በሚለው ፍላግ ለጊዜው ትተወዋለህ።

ባለካዛንቺስ፦ የአራት ኪሎዋ እንዳለችው አረኩት፣ 30 ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ፣ ሊክ የለም፣ ተባረኩ 🙏 አሁን ፕሮጀክቱ ውስጥ ሰርች ሳደርግ እንደሱ የተጻፈ 14 ቦታ አገኘሁ፣ ዛሬ ቤት የለም።