ስቱዲዮ ውስጥ የእናት ቤት ቡና

የጎተራዋ ተከራይ፦ ሰላም ጎበዞች። ለብቻ በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚፈላ ቡና የእናት ቤቱን ጣዕም አልሰጥ አለ። ይመራል፣ ይገነፍላል፣ አተላውም አብሮ ይቀዳል። ምን ይሻላል?

ቡና ቆሊ፦ እህቴ፣ ምሬቱ ከአቆላሉ ነው። ምድጃው መሃሉን ብቻ ሲያግል ፍሬው ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። አጥበሽ በመካከለኛ ሙቀት፣ እያማሰልሽ 10 ደቂቃ ያህል ቁዪው። ወዙ ወጥቶ ሲያብረቀርቅ ቶሎ ገልብጪው፤ የጋለው ምጣድ ላይ ከቆየ ማረሩን አይተውም።

ባለ ጀበና፦ ለ3 ሲኒ 2 የሾርባ ማንኪያ ቡና ይበቃል። ውሃው ሳይፈላ አትጨምሪው። ጀበናው እስከ አንገቱ ከሞላ መገንፈሉ አይቀርም። ሽቅብ ሲል ትንሽ በሲኒ ቀድተሽ መልሺበት። ከዚያ ማቶቱ ላይ ጋደል አድርገሽ 5 ደቂቃ ተዪው፣ አተላው የሚሰክነው ያኔ ነው። ስትቀጂ ጀበናውን ቀና ሳታደርጊ ከሲኒ ወደ ሲኒ እለፊ፤ ቀና ካለ የሰከነው ይናወጣል። በመፍጫ እንደ ዱቄት የላመም አይሰክንም፤ ሙቀጫ ይሻላል።

ቡና ቆሊ፦ ቀዝቃዛ ጀበና የጋለ ምድጃ ላይ አትጣጂ፣ ይሰነጠቃል። ደግሞ ትዝታውን የሚያመጣው ጭሱ ነውና ስትቆዪ መስኮቱን ገርበብ እንጂ ወለል አታድርጊው።