ቃል ኪዳን የአንድ ወገን ስጦታ ነው ወይስ የሁለት ወገን ውል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዘፍጥረት ምዕራፍ 15 አብራም እንስሳቱን ለሁለት ከከፈለ በኋላ ከባድ እንቅልፍ ወደቀበት፤ በተከፈለው ሥጋ መካከል ያለፈውም የምድጃ ጢስና የእሳት ነበልባል እንጂ እርሱ አልነበረም። በዘጸአት ምዕራፍ 24 ግን ሙሴ የኪዳኑን ደም በሕዝቡ ላይ የረጨው እግዚአብሔር ያለውን ሁሉ እናደርጋለን ብለው ከመለሱ በኋላ ነው። ታዲያ ኪዳን የሚጸናው በሰጪው ቃል ብቻ ነው ወይስ በተቀባዩም ታዛዥነት? ኤርምያስ «አዲስ ቃል ኪዳን» ሲልስ የቀደመው ተሽሯል ማለቱ ነውን? የአይሁድንም የክርስትናንም እምነት ያጠና ሰው ቢያስረዳኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ

በዕብራይስጥ ኪዳን «ብሪት» ይባላል፤ ኪዳን መግባትም «ብሪት መቁረጥ» ነው። የአገላለጹ ክብደት ከኤርምያስ 34፥18 ይታያል፤ በተቆረጠው እምቦሳ መካከል ያለፈ ሰው፣ ቃሉን ቢያፈርስ የእንስሳው ዕጣ እንዲደርስበት በራሱ ላይ መማሉ ነበር። ስለዚህ በዘፍጥረት 15 መሐላውን በራሱ ላይ የወሰደው እግዚአብሔር ነው፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

በሲናም ቢሆን ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። በዘጸአት 19 መጀመሪያ የተነገረው «በንስር ክንፍ ተሸከምኋችሁ» የሚለው ነው፤ «ኪዳኔን ብትጠብቁ» የሚለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትእዛዛቱ ከግብፅ የመውጣት ዋጋ አይደሉም፤ የወጡት ሰዎች የሚኖሩበት ሥርዓት ናቸው። አይሁድ ይህን እንደ ጥንት ታሪክ ብቻ አይመለከቱትም፤ ዘዳግም 29፥14-15 ኪዳኑ በዚያን ቀን በስፍራው ካልነበሩት ጋርም እንደ ሆነ ይናገራልና። በስምንተኛው ቀን የሚፈጸመው ግዝረት ዛሬም «ብሪት» እየተባለ ይጠራል።

ሌላ መልስ

በክርስትና በኩል ያለውን ልጨምር። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ ሲተረጎም «ብሪት» የሚለው «ዲያቴኬ» ተባለ፤ ይህ ቃል ኑዛዜም ማለት ነው። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 9 ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው ብሎ የክርስቶስን ሞት የሚያስረዳው በዚህ ድርብ ትርጉም ነው። በሉቃስ 22፥20 ጌታ ጽዋውን አንሥቶ በደሙ የሚሆን አዲስ ኪዳን ብሎታል፤ በዚህም የሲናው ደምና የኤርምያስ ተስፋ በአንድ ማዕድ ተገናኙ።

ስለ መሻር ግን ክርስቲያኖች ራሳቸው አንድ ቃል የላቸውም። «ብሉይ» የሚለው የግዕዝ ቃል ያረጀ ማለት ነው፤ ዕብራውያን 8፥13ም የፊተኛው አርጅቷል ይላል። ጳውሎስ በሮሜ 11 ግን ስለ እስራኤል ሲናገር የእግዚአብሔር ስጦታና ጥሪ ያለ ጸጸት ነው ይላል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በጀርመን ከተማ በማይንትስ ስለ አይሁድ ሲናገሩ ፈጽሞ ያልተሻረ ኪዳን ያሉትም ይህንኑ ሐሳብ በመከተል ነው። ኤርምያስ 31 ራሱ አዲሱ ኪዳን «ከእስራኤል ቤትና ከይሁዳ ቤት ጋር» እንደሚሆን፣ በልብ የሚጻፈውም «ሕጌ» እንደ ሆነ ይናገራል። አይሁድ በዚህ ላይ ተመሥርተው ቃሉን የዚያው ኪዳን መታደስ አድርገው ያነቡታል፤ ንባባቸውም በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ሦስተኛ መልስ

የመጀመሪያው መላሽ «ብትጠብቁ» የሚለውን ያቀለሉት መሰለኝ። በዘዳግም 28 የተጻፈው እርግማን ከባድ ነው፤ ሕዝቡም ተማርኮ ከምድሩ ወጥቷል። ሆኖም ዘሌዋውያን 26፥44 በጠላቶቻቸው ምድር ሳሉ እንኳ ኪዳኔን አላፈርስም ይላል። ሚልክያስ 2፥14 ሚስትን «የቃል ኪዳንህ ሚስት» ይላታል፤ ጋብቻ ግዴታ አለው፣ በደል ያቆስለዋል፣ ግን እንደ ሸቀጥ ውል አይደለም። ለጠያቂው በተለይ መዝሙር 89ን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡ እመክራለሁ። መዝሙረኛው ኪዳኑ ለዘላለም እንደሚጸና ከዘመረ በኋላ ፊቱን ወደ እግዚአብሔር መልሶ ኪዳኑን አፈረስህ ይላል፤ ለዳዊት የማልኸው የቀድሞ ምሕረትህ ወዴት ነው ብሎም ይጠይቃል። እንዲህ ብሎ ለመሟገት የደፈረው መሐላ በእጁ ስላለ ነው።