እናቶቹ ሁሉ «ደህና ነበር» ይሉኛል፤ የት ላናግራቸው?

የሚድዋይፈሪ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ እናቶች በገጠር ጤና ጣቢያ ሲወልዱ ስለሚደረግላቸው አያያዝ ነው። ቁጥሩማ አለ። በጤና ተቋም የመውለድ ምጣኔ በ2016 እ.ኤ.አ. 26 በመቶ ነበር፤ በ2019 48 በመቶ ደርሷል። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ገብተው የወለዱት ምን አይተው እንደወጡ ነው።

የሥነ ምግባር ፈቃድ አለኝ፣ መቅረጫ አለኝ፣ ፈቃደኛ እናቶችም አልጠፉም። የቸገረኝ መልሱ ነው። መጀመሪያ ከወለዱ በኋላ ወደ ቤት ሳይሄዱ ጠየቅኳቸው። «ተመስገን፣ ደህና ነበር፣ ተባረኩ» ብቻ። ጋዋን ባልለብስም ሲስተር ነው የሚሉኝ። ቀጥሎ ቤታቸው ሄድኩ። እዚያ ደግሞ አማትየዋ አጠገቧ ቁጭ ብለው እሳቸው ይመልሱላታል (ገንፎው ግን ግሩም ነበር)።

መቅረጫው ጠፍቶ ቡና ሲቀርብ እውነተኛው ወሬ ይመጣል። አንዷ ምጥ ላይ ሳለች ተጮኸባት። ሌላዋ እናቷ አብረዋት እንዳይገቡ ተከለከሉ። ሳትጠየቅ የተሰፋችም አለች። ይህን ግን ካልፈቀዱልኝ መጻፍ አልችልም። አማካሪዬ «የተጠያቂ ቁጥር ጨምሪ» ይሉኛል። ተጨማሪ «ደህና ነበር» ምን ያደርግልኛል?

አሁን ያሰብኩት ሕፃናቱ በ45 ቀናቸው ለክትባት ሲመጡ እናቶቹን ለብቻ ማናገር ነው። ቦታው ግን ያው ጤና ጣቢያው ነው። ገጠር ላይ እንዲህ ዓይነት ቃለ መጠይቅ የሠራችሁ፣ እናትየዋ ከባለሙያውም ከቤተሰቡም ጆሮ ርቃ በነፃነት እንድታወራ የት ነው ያናገራችኋት?