የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ጥበቃው ሲይዝ፣ ፖሊስ ሲረከብ

አስተባባሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለጉባኤው አንድ የጋራ ፓነል እናቅርብ ብለን በተስማማነው መሠረት መነሻ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ቁረጡት፣ ጨምሩበት፣ ካላማራችሁም አፍርሳችሁ ሥሩት።

በብዙ አገር ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚያገኘው ባለ ዩኒፎርም ፖሊስ አይደለም፤ ጥበቃ ነው። ባንክ ሲገባ የሚፈትሸው፣ ሆስፒታል በር ላይ «ወዴት ነው?» የሚለው፣ ከገበያ ማዕከል የሚያስወጣው ጥበቃ ነው። በደቡብ አፍሪካ ተመዝግበው በሥራ ላይ ያሉ ጥበቃዎች ከ500,000 በላይ ናቸው። የአገሪቱ ፖሊስ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ አይደርስባቸውም። እኛ ግን ስለ ጸጥታ ስንጽፍ አሁንም ዓይናችን ፖሊስ ላይ ብቻ ነው።

የረቂቁ ዋና ጥያቄ ይህ ነው፦ የግል ጥበቃ እንዲህ የተስፋፋው ፖሊስ ስላልቻለ ነው ወይ? አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የታሪክ አጥኚው፦

እህቴ፣ መነሻው ጥሩ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ የወሰነ ይመስለኛል። ፖሊስ ነበረ፣ ደከመ፣ ከዚያ የግሉ መጣ የሚል። ታሪኩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም።

ሮበርት ፒል የሎንደንን ፖሊስ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ከዚያ በፊት ሌባ ማስያዝ በአብዛኛው የተበዳዩ የራሱ ጣጣ ነበር። ገንዘብ ያለው ሌባ አዳኝ ይቀጥራል። ከአዳኞቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ጆናታን ዋይልድ በአንድ እጁ ሌባ ያስይዛል፣ በሌላው የተሰረቀውን ዕቃ ለባለቤቱ በክፍያ ይመልሳል። በ1725 ተሰቀለ። በ1798 ደግሞ በቴምዝ ወንዝ ላይ የመርከብ ጭነት የሚጠብቅ ፖሊስ ተቋቋመ። አብዛኛውን ወጪ የሸፈኑት ከካሪቢያን ሸቀጥ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። መንግሥት የተረከበው በ1800 ነው። ስለዚህ ፖሊስ ራሱ በከፊል ከግል ኪስ የወጣ ነው።

ሌላም አለ። በ1892 በአሜሪካ ፔንስልቬንያ፣ ሆምስቴድ በሚባል ቦታ፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተጋጩ። አሠሪዎቹ ፒንከርተን የተባለ የግል ጥበቃና መርማሪ ድርጅት 300 ያህል ሰዎችን በጀልባ በወንዝ አመጡ። ተኩስ ተከፈተ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። በመጨረሻ የክፍለ ግዛቱ ሚሊሺያ ገባ። በዓመቱ የአሜሪካ ኮንግረስ የፌዴራል መንግሥቱ የፒንከርተንን ወይም መሰል ድርጅት ሰዎችን እንዳይቀጥር በሕግ ከለከለ። ልብ በሉ፤ ድርጅቱን አልዘጋውም። ኩባንያዎች እንዳይቀጥሩትም አላለም። መንግሥት የራሱን እጅ ብቻ ነው የሰበሰበው። ይህ ነገር ፓነላችን ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

የሕግ መምህሯ፦

በታሪኩ እስማማለሁ። የመስፋፋቱን ምክንያት ግን በአጭሩ እንለፈው ባይ ነኝ። የወንጀል አጥኚዎቹ ክሊፎርድ ሺሪንግና ፊሊፕ ስቴኒንግ ካናዳ ሆነው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያነሱት ሐሳብ አሁንም ውሃ ያነሳል። ሕዝብ የሚውልባቸው ሰፋፊ ቦታዎች በግል ይዞታ ሥር ገቡ፤ የጥበቃውም ነገር ባለቤቱን ተከትሎ ሄደ። ፖሊስ ባይደክምም ኖሮ ይህ ይሆን ነበር።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ጥበቃው ሥልጣኑን ከየት ያመጣዋል? በአብዛኛው አገር ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የባለንብረቱ መብት ነው፦ «ቦርሳህን ክፈት፣ አለዚያ ተመለስ» ማለት ይችላል። ሁለተኛው ማንም ዜጋ ያለው መብት ነው፦ እጅ ከፍንጅ ያገኘውን ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ። በወረቀት ደረጃ ጥበቃው ከመንገደኛው ብዙም አይለይም ማለት ነው። በተግባር ግን ዩኒፎርም ለብሷል፣ ዱላ ይዟል፣ ሬዲዮ አለው፣ በካሜራ ያያል። ክንዱን የተያዘ ልጅ ይህን ሁሉ እያየ «አንተም እንደ እኔ ዜጋ ነህ» ብሎ አይከራከርም።

ሥልጣኑ ትንሽ ነው የሚባለው ሰው ደግሞ ገደቡም ትንሽ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1921 በርዶ እና ማክዳወል በተባለው ጉዳይ ከባድ ነገር ወሰነ። ከአንድ ሰው ቢሮ ሰነዶች ተሰረቁ። የወሰዱት የግል ሰዎች ናቸው። ሰነዶቹ መንግሥት እጅ ገቡ። ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱ ሕገ ወጥ ፍተሻን የሚከለክለው መንግሥትን እንጂ የግል ሰውን አይደለም አለ፤ መንግሥትም ሰነዶቹን በማስረጃነት መጠቀም ይችላል። ፖሊስ በዚያ መንገድ ቢያገኛቸው ኖሮ መልሱ ሌላ ነበር።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ለምን በዛ?» አይሁን። «የተበደለ ሰው አቤት የሚለው የት ነው?» ይሁን።

የቀድሞው የፖሊስ መኮንን፦

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም በጥሞና አንብቤያለሁ። እኔ ደግሞ ከሜዳው ልናገር።

ጥበቃዎች ባይኖሩ ፖሊስ ብዙ ጉዳይ ላይ ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። መጀመሪያ የሚደርሰው ጥበቃው ነው። ቦታው እንዳይነካካ የሚያደርገው እሱ ነው። ቪዲዮውም እሱ ዘንድ ነው። ለረጅም ሰዓት ቆሞ፣ በትንሽ ደመወዝ፣ በአጭር ሥልጠና ነው ይህን የሚሠራው። በመምህሯ ጽሑፍ ውስጥ ግን አስፈሪው ብቻ ነው የሚታየኝ። ስለ ትብብር እንጻፍ።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የአንድ ትልቅ የገበያ ማዕከል ጥበቃ አማካሪ ነበርኩ። የገጠመኝ መዝገብ አለ። ዕለት፣ ሰዓት፣ የዕቃው ዓይነት፣ የተያዘው ሰው ስም። የመጨረሻው ዓምድ «ውጤት» ይላል። ገጹን ብትገልጡት ከላይ እስከ ታች በተለያየ እጅ ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር ነው የተጻፈው፦ «በስምምነት ተለቋል።» ዕቃው ይመለሳል፣ ሰውየው ሁለተኛ እንዳይመጣ ይፈርማል፣ አለቀ። ፖሊስ ጋ የሚደርሰው ከብዙው ጥቂቱ ነው። ባለ ሱቁ ፍርድ ቤት መመላለስ አይፈልግም፤ ዕቃውን ነው የሚፈልገው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሰውየው ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለም።

ወጣቱ ተመራማሪ፦

ጋሼ፣ ለእኔ ፓነሉ ያለው እዚያ መዝገብ ላይ ነው። የወንጀል ቁጥር ስንቆጥር ፖሊስ የመዘገበውን ነው የምንቆጥረው። «በስምምነት ተለቋል» የተባለው ሁሉ ከእኛ ጠረጴዛ ውጪ ነው። የተፈረመው ስምምነትስ ምን ዓይነት ስምምነት ነው? በሩ ተዘግቶ፣ ሁለት ዩኒፎርም ለባሾች ቆመው?

ስለ ቁጥጥር ደግሞ የእንግሊዝን ልጨምር። በ2001 በወጣ ሕግ የጥበቃ ሠራተኛ ፈቃድ እንዲኖረው ተደረገ፤ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነጥቅ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት የራሷን ሕግ አወጣች። መልካም ነው። ግን ፈቃድ መስጠት ሌላ፣ የተበደለን ሰው አቤቱታ ሰምቶ መፍትሔ መስጠት ሌላ። ፓነሉ ሁለቱን ቢለይ።

የ2012ቱ የሎንደን ኦሊምፒክም አይረሳ። ጂ4ኤስ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ 10,400 ሰው ለማቅረብ ተዋውሎ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ማሟላት አቃተው። መንግሥት ተጨማሪ 3,500 ወታደር አሰለፈ። ውል ሲፈርስ ዞሮ ዞሮ ኃላፊነቱ መንግሥት ላይ ነው የሚወድቀው። እንግዲያው ከመጀመሪያው ለምን አይቆጣጠርም?

የሕግ መምህሯ፦

ጋሼ ስለ ትብብር ያነሱትን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ግን ትብብሩ ራሱ ነው የገደቡን ጥያቄ የሚያስነሳው። እዚያው አሜሪካ ጥበቃው በራሱ ተነሳስቶ ከፈተሸ ሕገ መንግሥታዊው ክልከላ አይነካውም። ፖሊስ «እስኪ ፈትሽልኝ» ብሎት ከሆነ ግን የመንግሥት እጅ ሆኗልና ይነካዋል። ልዩነቱ ያለው አንድ የስልክ ጥሪ ላይ ነው። ያንን ጥሪ ደግሞ ማንም አይመዘግበውም። ሁለቱ በየቀኑ የሚደዋወሉ ከሆነ፣ «ማን ማንን ላከ?» የሚለውን ፍርድ ቤት እንዴት ያጣራል?

የቀድሞው የፖሊስ መኮንን፦

ይህ እውነት ነው። ሌላም ጨምሪበት። በአንዳንድ አገር ፖሊሱ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ፣ የፖሊስ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ለግል ድርጅት ተከፍሎት ይቆማል። የዚያን ሰዓት አለቃው ማን ነው? ስለ ትብብር ይጻፍ ያልኩትን አልተውኩም። ግን ትብብሩ በጽሑፍ ይሁን፤ ማን ጠየቀ፣ ማን ፈቀደ፣ በስንት ሰዓት። እንዲህ ከሆነ ከእናንተ ጋር ነኝ።

አስተባባሪዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ሰርዤዋለሁ። የጋሼና የመምህሯ ሐሳብ የሚጣላ አልመሰለኝም፤ ትብብሩ በጠበቀ ቁጥር ተጠያቂነቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። አዲሱ ረቂቅ ይኸው፦

«ጥበቃና ፖሊስ ዛሬ አንድ ሰው ላይ ተከታትለው ሥልጣን ይሠሩበታል። አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይረከባል። ይህ ፓነል ርክክቡን ይመረምራል፦ ከመያዝ እስከ ማስረከብ ባለው ጊዜ ውስጥ የተያዘው ሰው ምን መብት አለው? መረጃ ከጥበቃ ወደ ፖሊስ ሲያልፍ ማን ይመዘግባል? ሳይተላለፉ በስምምነት የሚያልቁ ጉዳዮችን ማን ያያል?»

የታሪኩ ጽሑፍ ከቴምዝ እስከ ሆምስቴድ ይሂድ፤ ጆናታን ዋይልድ ግን በአንድ አንቀጽ ይብቃው፣ ወንድሜ፣ ታሪኩ ይጥማል ግን ቦታ ይበላል። የሕጉን መምህሯ፣ የፈቃድና የቁጥጥሩን ወጣቱ ያዙልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎ በጽሑፍ ባይሆንም ይናገሩልን፤ ስለ መዝገቡ ያሉትን፣ የማዕከሉን ስም ሳይጠሩ።

አንድ የጎደለን አለ። ከእኛ መካከል በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ የለም። አንድ በሥራ ላይ ያለ ጥበቃ ተናጋሪ ሆኖ ካልተገኘ ፓነሉን ማቅረብ ይከብደኛል። አሠሪው ሳይሰማ በነጻነት የሚናገርበት መንገድ ይፈለግ።

የቀድሞው የፖሊስ መኮንን፦

እኔ የማውቃቸው አሉ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ናቸው፤ ቀን ላይ ሊመጡ ይችላሉ። ስማቸው በፕሮግራሙ ላይ እንዳይታተም ቃል ግቡልኝና አነጋግራቸዋለሁ።

አስተባባሪዋ፦

ቃል ገብተናል። ስማቸው አይታተምም፣ ፎቶም አይነሳም። የትራንስፖርታቸውንም ማኅበሩ እንዲችል ዛሬውኑ ለሥራ አስፈጻሚው እጽፋለሁ። ረቂቁ ላይ ማስተካከያ ያለው እስከ አርብ ያስገባልኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይላካል።