ኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፣ ቀድሜ ምን ልወቅ?

አዲስ ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ የነዳሁት ቤንዚን ብቻ ነው። አሁን ሸጬው ወደ ኤሌክትሪክ ልዞር እያሰብኩ ነው። ከጓደኞቼ ግማሹ "ምን ትጠብቃለህ?" ይለኛል፣ ግማሹ ደግሞ "ባትሪ ጨርሰህ ስትገፋ እናይሃለን" ብሎ ይስቅብኛል። በቀን ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አልነዳም፣ ረጅም መንገድ የምወጣው አልፎ አልፎ ነው። በቤት ተራ ሶኬት ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? ባትሪው እንደ ስልክ ባትሪ በሁለት ዓመት ይደክማል የሚሉትስ? ደግሞ እውነት ሰርቪስ የለውም? የሻጭ ወሬ ሰልችቶኛል፣ የያዘው ሰው ይንገረኝ።

ማታ ሰካሁ፦
አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መኪናውን ከመምረጥህ በፊት መኪናው የሚያድርበትን ቦታ ምረጥ። ማታ የምትሰካበት ካለህ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ሁለት ቃላት አትቀላቅል። ኪሎዋት ሰዓት የባትሪው ሆድ ነው፣ ምን ያህል እንደሚይዝ፤ ኪሎዋት ደግሞ ጉሮሮው ነው፣ በምን ፍጥነት እንደሚውጥ። ተራ ሶኬት በ230 ቮልት 10 አምፒር ሲሰጥ 2.3 ኪሎዋት ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ባዶ የሆነ ባለ 50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህን ሰምተህ እንዳትደነግጥ፣ ባዶ አድርገህ ቤት የምትገባበት ቀን እንጃ መኖሩን። መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ያንተ 40 ኪሎ ሜትር 6 ወይም 8 ነው፤ በተራ ሶኬት ሦስት አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ተኝተህ ያልቃል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የ7 ኪሎዋት ቻርጀር ካለህማ ባዶውንም ቢሆን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሞላዋል።

ግን ሶኬቱን አትናቀው። በመጀመሪያው ወር የሠራሁትን ጅልነት ልንገርህ። ገመዱ አልደርስ ሲለኝ የቴሌቪዥኑን ኤክስቴንሽን አመጣሁ፣ ያውም እንደተጠቀለለ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ብነካው መሰኪያው በእጅ አይያዝም፣ አንደኛው ቀዳዳ ጠቁሮ ቀልጧል። የውሃ ማፍያ ለአምስት ደቂቃ ነው የሚስበው፣ መኪና ግን ያለ ዕረፍት ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ኤሌክትሪሽያን ጠርተህ ራሱን የቻለ መስመር፣ የራሱ ብሬከር እና ደህና የምድር ሽቦ አሰራ። እዚህ ላይ አትቆጥብ።

የድሮ መካኒክ፦
"ሰርቪስ የለውም" ያለህ ሰው ዋሽቶሃል፣ ግን ብዙ አልዋሸም። የሞተር ዘይት የለም። ካንዴላ የለም፣ ማርሚታ የለም፣ ፍሪሲዮንም የለም። የፍሬን ሸራው ራሱ ይቆይልሃል፤ ምክንያቱም እግርህን ከመስጫው ስታነሳ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፣ ያንንም ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ይልካል። እንዲያውም ፍሬኑ ሥራ ስለሚፈታ ዲስኩ ዝገት ሊይዘው ይችላል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርገህ ያዘው። የፍሬን ዘይት፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እና የካቢን ፊልትሮ ግን አሉ። ጎማም ቶሎ ይበላል። ባትሪው ከባድ ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ገና ስትነካው ነው የሚመጣው፣ መብራት ላይ መወርወር ለሚወድ ሰው ጎማ አይበረክትም።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። መኪናው ውስጥ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩን፣ የበሩን ቁልፍ እና ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውን ማብሪያ የምታነሳው እሷ ናት። አንድ ደንበኛ "ትናንት ማታ መቶ በመቶ ሞልቼዋለሁ፣ ዛሬ በር አልከፍትም አለኝ" ብሎ ደወለልኝ። ሰውየው ትልቁ ባትሪ ተቃጠለ ብሎ ፊቱ አመድ መስሏል። በሜካኒካል ቁልፉ ከፍተን ትንሿን ቀየርን፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሄደ። ከገዛህ ቀን ጀምሮ በሩ በእጅ እንዴት እንደሚከፈት እወቅ።

ብርቱካናማ ሽቦ ካየህ እጅህን ሰብስብ፣ 400 ቮልት ነው፣ አንዳንዱ 800። ከቆመብህ ደግሞ በገመድ አታስጎትት፣ ጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ፣ ምክንያቱም ጎማው ሲዞር ሞተሩም አብሮ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ሩቅ ተጓዥ፦
እኔ ስለ ባትሪው ልበል። ከስልክ ጋር አታወዳድረው። አብዛኞቹ የራሳቸው ማቀዝቀዣ አላቸው፣ አምራቹም ከባትሪው አቅም ከላይም ከታችም የማትነካው ትርፍ ይተዋል። ብዙ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ አቅሙ ከ70 በመቶ እንዳይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ። ስትገዛ የባትሪውን ዓይነት ጠይቅ። ኒኬል ያለበት ኤንኤምሲ ከሆነ ለዕለት ተዕለት 80 በመቶ ላይ አቁመው፣ መቶ የምትሞላው መንገድ ልትወጣ ስትል ነው። ኤልኤፍፒ የሚባለው፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት፣ ግን መቶ ቢሞላ ብዙም አይከፋም፣ እንዲያውም የባትሪውን መቶኛ የሚያሳየው ቆጣሪ እንዳይሳሳት አልፎ አልፎ ይሞላ ይላሉ። ያገለገለ ከሆነ ኪሎ ሜትሩን ከማየትህ በፊት የባትሪውን ጤና በመቶኛ አስለካ።

አንዴ ሞልተህ ይሄዳል ተብሎ የተጻፈውን ርቀት እንዳለ አትመን። ሲኤልቲሲ የሚለው የቻይና መለኪያ በጣም ቸር ነው፣ የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ይሻላል፣ የአሜሪካኑ ኢፒኤ ከሁሉም ወደ እውነቱ ይጠጋል። ቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ ነው ብዙ የሚበላው፣ ይሄ ተገላቢጦሽ ነው። መጨናነቅ ውስጥ ቆመህ ሞተሩ ምንም አይበላም፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ግን 120 ስትነዳ ባትሪው ሲወርድ በዓይንህ ታየዋለህ። ብርድም ይቀንሰዋል። ጠዋት ሳትነቅለው ካቢኑን አሙቀው፣ ያኔ ሙቀቱን የሚከፍለው ግድግዳው ነው።

መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር ስታገኝ መቶ እስኪሞላ አትጠብቅ። ከ80 በኋላ ያለችው ሃያ በመቶ እስከዚያ የጠበቅከውን ያህል ልታስጠብቅህ ትችላለች። 80 ላይ ነቅለህ ሂድ፣ ከኋላህ የቆመውም ይመርቅሃል። የመሰኪያውን ዓይነት ግን ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ፤ ታይፕ 2፣ ሲሲኤስ፣ ጂቢቲ፣ ሁሉም ቅርጻቸው ይለያያል፣ አካባቢህ ያለው የማይገባለት መኪና ገዝተህ እንዳትቀር።

ሸጥኩት፦
ሁላችሁም ደስ ብሏችኋል፣ የኔን ደግሞ ስሙ። የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ መኪናዬ መንገድ ዳር ነበር የሚያድረው። በሳምንት ሁለቴ የሕዝብ ቻርጀር ጋ ሄጄ ወረፋ እጠብቃለሁ። አንዱ ተበላሽቷል፣ ሌላው ላይ ሰው ሰክቶ ጠፍቷል። መኪናውን ጠልቼው አይደለም፣ ድምፅ የለው፣ ሲነሳ ደግሞ እንደ ጥይት ነው፣ አሁንም ይናፍቀኛል። በስምንተኛው ወር ግን ሸጥኩት። ማታ ሰካሁ ያለው ልክ ነው፣ መሰኪያ ከሌለህ ይቅርብህ።

አዲስ ጀማሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ወጥቼ ለካሁ። ከማቆምበት እስከ ቆጣሪው 12 ሜትር ገደማ አለ። ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ሶኬት አለ፣ መሰኪያ ስከትበት ይወዛወዛል። የቻርጀሩ ገመድ ስንት ሜትር ነው?

ማታ ሰካሁ፦
አብዛኛው 5 ሜትር ነው፣ 7ም አለ። በኤክስቴንሽን አትሳበው፣ መስመሩን መኪናው ድረስ አምጣው። የሚወዛወዘውን ሶኬት ግን ዛሬውኑ ንቀለው፣ መኪና ባትገዛም።